ምድር ሁለት ብር፣ ጨረቃ በነጻ

ለገሀር፣ ከታክሲው ሰልፍ ጎን፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣
አንድ ሚዛን ተቀምጧል፣ ፊቱን ሰጥቶ ወደ ሰማይ።
መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ መርፌው ግን አይዋሽም፤
ባለቤቱ ዘብዴዎስ፣ አላፊውን በጥሪ አያሰለችም።
ካርቶን ብቻ አቁሟል፣ በጠመኔ የተጻፈ፦
"ምድር ላይ ሁለት ብር።
ጨረቃ ላይ በነጻ።"
ያነበበው ሳቀና፣ ያላነበበው ዝም ብሎ አለፈ።

እኔ ቆምኩ። ሰልፉ ረዝሞ ነበር።
ከነጫማዬ ወጣሁ፤ መርፌው ተንቀጥቅጦ ረጋ፤
"ሰባ ሁለት ኪሎ" ብሎ ከቁጥሩ ጋር ተዋጋ፤
"ጋሼ፣ ጨረቃ ላይ ቢሆኑ አሥራ ሁለት ብቻ ነዎት፤
ካቻምና የወለደች እናት እንደ ልጇ ባዘለችዎት።"

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
አሥራ ሁለት! የማኅበሩ ብድር፣ ኪራዩ የጨመረ፣
የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአለቃዬ ግልምጫ…
"ሸክምስ ለስድስት ይካፈላል?" አልኩት፣ ለሳቄ መቋጫ።

ቀልዴን አልሰማም። ጥያቄ መሰለው፣ የምር።
"አይ ጋሼ፤ ቲቸር እልፍነሽ ማታ ስታስተምር፣
ክብደት የሚጎትተን ነው፤ ቦታ ሲቀየር ይቀየራል፤
መጠነ ቁስ ግን እኛው ነን፤ የትም ብንሄድ አብሮን ይኖራል።
እዚህም ያው ነዎት፣ እዚያም ያው፤
የሚለያየው የሚይዝዎ ነው።"

ቀን ሚዛን ነው ኑሮው፣ ማታ ስምንተኛ ክፍል፤
ጠመኔው ኪሱን ከሳንቲም እኩል የሚካፈል።
ለማርስ ሌላ ቁጥር አለው፣ ለጁፒተርም ሌላ፤
አንዲት ደልደል ያሉ እመቤት
"ጁፒተርን ተወው በሞቴ" ብለው ሸሹ ወደ ኋላ።
ሹራባቸው ሰማያዊ፣ ሦስት ተማሪ ሴቶች ከበቡት አንድ ቀን፤
"ፀሐይ ላይስ ስንት ነኝ?" አለች ትንሿ፣ ቋጥራ ቅንድቧን።
"ፀሐይ መቆሚያ የላትም፤ ጋዝ ናት" ሲላት አልረካችም፤
"መቆሚያ ቢኖርስ?" አለች። ያን ቀን ታክሲ አልያዘችም።

እኔም አራት ኪሎ ነበርኩ፤ ፊዚክስ፣ እስከ ሦስተኛ ዓመት።
ከዚያ አባቴ ታመመ፤ ከዚያ ሥራ ተገኘ፤ ከዚያ… ስበት።
አሁን ሥራዬ በሰው ውል ላይ ማኅተም መምታት ነው፤
ቀና ብዬ ሰማይ የማየው ዝናብ የፈራሁ ለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ደንብ አስከባሪዎች ሚዛኑን ወሰዱ።
"ማን ፈቀደልህ?" አሉት፤ በመኪና ጭነው ነጎዱ።
ዓርብ ሳልፍ፣ ልጁ አይኖርም ብዬ ነበር። አለ።
ካርቶኑን አገላብጦ አዲስ ጽሑፍ ሰቀለ፦
"ሚዛን የለም። ኪሎዎን ይንገሩኝ፤
ለቀረው እኔ አለሁ፤ ከፈለጉ ይፈትኑኝ።"
ስድስትን ማን ይወርሰዋል? ማን ይጭነዋል በመኪና?
ለማካፈል ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ እስካሁን የለምና።

ሲመሽ አንዱ ደንብ አስከባሪ ብቻውን ተመለሰ፤
ግራ ቀኙን ዓይቶ፣ ድምፁን ቀነሰ፦
"ሰማንያ አራት ነኝ። ማርስ ላይስ?"
"ሠላሳ ሁለት ገደማ። ያለ ዱላው።"
ሚዛኑ ግን አልመጣም። ቅጣቱ ሦስት መቶ ብር ነው።

"ስታድግስ?" አልኩት፣ ሰው ሁሉ ልጅን እንደሚጠይቀው።
"መጀመሪያ ሚዛኔን ላስፈታ።"
"ከዚያስ?"
ከባንኩ ፎቅ ጫፍ አጠገብ ጨረቃ ወጥታ ነበር፤ ጣቱን ቀሰረ።
"ቁጥሩ ከመጽሐፍ ነው ጋሼ፤ ሰው የጻፈው፣ እኔ ያመንኩት፤
ሄጄ በራሴ ሚዛን ካላየሁት ምኑን አወቅኩት?"

ታክሲው መጣ። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተጫንን፤
"ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል ረዳቱ፣ በሆዴ ለስድስት አካፈልኩ ሁላችንን።
ቀለልን። እስከ ሜክሲኮ ድረስ ቀለልን።

ቤት ገብቼ ከአልጋው ሥር የድሮውን ሻንጣ ሳብኩ።
ሦስተኛ ዓመት ላይ ያጠፍኩት ገጽ አሁንም እንደታጠፈ ነው፤
ነገ ይዤው እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ያንብበው።